የሄራን የጠዋት ፀሐይ

ፈትለወርቅ ልጇን ስታጥብ ፊቷን ለመጨረሻ ታቆየዋለች። እግሯን፣ ጀርባዋን፣ ጸጉሯን አዳርሳ ፊቷ ላይ ስትደርስ እጇ ይፈዛል። የአራት ዓመቷ ሄራን ጉንጭና አፍንጫ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል፤ በጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል። አምና ጥቂት ነበር። ዘንድሮ ግንባሯንም፣ የእጇን ጀርባም፣ የአንገቷን ዙሪያም ያዘ። ልብስ የሚሸፍነው ገላዋ ግን ጥርት ያለ ነው። እናቲቱን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ጥራቱ ነበር። ልብስ ያረፈበት ጥርት ብሎ፣ ያልሸፈነው የተዥጎረጎረ ገላ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ላይ አይታለች።

እሱም ታናሽ ወንድሟ ጎሹ ነው። ጋይንት፣ እናቷ ወይዘሮ አስናቀች ቤት፣ ከጓዳው በስተጀርባ መስኮት የሌላት ክፍል አለች። ጎሹ አራት ዓመት ሲሞላው ፊቱ ተነጠበጠበ፣ አፍንጫው ላይ ቁስል ወጣ፣ ጎረቤትም መንሾካሾክ ጀመረ። አንድ ጊዜ "ደዌ ነው" ከተባለ ያ ቤት አለቀለት፤ ሴቶቹ ልጆች ባል አያገኙም። ስለዚህ ልጁ ወደዚያች ክፍል ገባና ለአገሩ ሞተ ተባለ። ይኸው ሃያ ዓመቱ፤ በሕይወት አለ። ወይዘሮ አስናቀች "ስንት ልጅ አለሽ?" ሲባሉ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ "ሁለት ሴቶች" ይላሉ።

መቼም አገራችን በጋብቻ ነገር ቀልድ አያውቅም። መጀመሪያ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የሥጋ ዝምድና የለም ሲባል ደግሞ አጥንት ማጣራት ይመጣል፤ ከዘራቸው ደዌ ያለበት አለ ወይ ተብሎ ጎረቤት ይጠየቃል። ዘመድኩን የሚባለው የእስቴ ሰው፣ ዱባይ፣ ዴይራ ሰፈር ባለ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኖ እየሠራ ፈትለወርቅን ወዶ ሽማግሌ ወደ ቤተሰቧ ሲያስልክ ይኸው ሁሉ ሥርዓት ተፈጽሟል። ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ሄደ፣ ከሁለቱም ወገን "ንጹሕ ነው" የሚል ቃል መጣ። ከሞቱ መቶ ዓመት ያለፋቸውን ቅድመ አያቶች በስም እየጠሩ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ከጓዳው ጀርባ ቁጭ ያለውን ሕያው ልጅ አልቆጠሩትም። ፈትለወርቅ ያን ቀን በስልክ "አለቀ፣ ተስማሙ" ስትባል ደስታው አልነበረም ያስለቀሳት፤ አለመጋለጧ ነበር።

አሁን የሚኖሩት ከዱባይ ራቅ ብላ ባለችው በአጅማን ከተማ፣ አል ራሺዲያ ሰፈር፣ አንድ መኝታ ቤት ባለው አፓርታማ ውስጥ ነው። እሱ ማታ ማታ ዱባይ ወርዶ ሆቴሉ ያድራል፤ እሱ ሲነጋጋ ሲመለስ እሷ ሻርጃ አንዲት ማዳም ቤት በተመላላሽነት ትሄዳለች። ልጅቷን እንድትይዝ ታስባ የነበረችው ታናሽ እህቷ ትዕግስት ነበረች። ፓስፖርቷ ወጥቶ፣ ኤጀንሲ ተገኝቶ፣ ሻንጣዋ ሳይቀር ተገዝቶ ሳለ መንግሥት ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገር መሄድን ከለከለ። ይኸው እገዳው ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ሻንጣውም እናታቸው ቤት አልጋ ሥር ነው። እናም የሄራን ጠዋት በአባቷ እጅ ወደቀ።

ለአባትነቱስ ምን ይወጣለታል! ሌላ ሰው ሌሊቱን ቆሞ አድሮ ሲመለስ ራሱን አልጋ ላይ ይጥላል። ዘመድኩን ግን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ልጁን አቅፎ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይወርዳል፤ ፊቷን፣ አንገቷንና እጇን የወይራ ዘይት ይቀባና ፀሐይ ያሞቃታል። በአርባ ቀኗ የጀመረው ነው። ፀሐይ አጥንት ታጠነክራለች፤ ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። የጋይንትና የእስቴ የጠዋት ፀሐይ ሌላ፣ የአጅማን ፀሐይ ሌላ መሆኑን ግን ማንም አልነገራቸውም። በአርባ ቀኗ ሄራን ውሃ ቋጥራ ሦስት ቀን አለቀሰች፤ "ገላዋ ገና ነው፣ ትለምደዋለች" አሉ። ከዚያ በኋላም ብርሃን ስታይ ዓይኗ ያለቅሳል፤ "ዓይኔን፣ ባባ፣ ዓይኔን" እያለች ፊቷን አንገቱ ሥር ትወሽቃለች።

አንድ ቀን ፈትለወርቅ፣ "ዛሬ እንኳ ይቅርባት" አለችው።

ዘመድኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ሰው አልነበረም። ያን ቀን ግን ጮኸ። "በጨለማ ቤት ዘግተን ልናሳድጋት ነው? እኔ በሕይወት እያለሁ ልጄ ጨለማ አትገባም! በቃ፣ ኸላስ!"

ፈትለወርቅ ክው አለች። አወቀብኝ እንዴ አለች በልቧ። ሳምንት ሙሉ ፊቱን እየሰረቀች አየች፤ ያወቀ አይመስልም። ከዚያ ወዲያ ስለ ፀሐይ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ነጠብጣቡ ሲበዛ አጅማን ውስጥ ወዳለ ክሊኒክ ወሰዷት። ሐኪሙ በአጉሊ መነጽር አየና ፊቱን ቋጠር አደረገ። "ቆዳችሁ ጠይም ነው፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አላይም" አለ። "አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከቤተሰባችሁ፣ ከእህት ከወንድም፣ ከአጎት ከአክስት፣ እንዲህ ያለው ሰው አለ? ካለ ዛሬውኑ ዱባይ ለዘር በሽታ ሐኪም እጽፍላችኋለሁ። ከሌለ ግን ቃጠሎ ነው፤ ቅባት ይበቃታል።"

ፈትለወርቅ አፏን ሳትከፍት ዘመድኩን ቀደማት። "የለም! በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም" አለና ወደ እሷ ዞረ። "በእነሱም የለም።"

"የለም" አለች እሷም።

ቅባቱን ይዘው ወጡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ግን የሚደበቀው የአንዱ ነው፣ መድኃኒት የምታጣው ሌላዋ ናት። ፈትለወርቅ ይህ አልጠፋትም። ደረጃውን ስትወርድ ተመልሳ ልትናገር ሁለት ጊዜ ቆማ ነበር። ግን ብትናገርስ? ዘመድኩን ክፉ ሰው አይደለም፤ ሆኖም ደግ ሰው ተታለልሁ ያለ ቀን ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ቪዛዋ በእሱ ስም ነው። ቢፈታት ይሰረዛል፤ እሷ አገር ቤት ትገባለች፤ እገዳው ባለበት ደግሞ እንደ በፊቱ በኤጀንሲ ተመልሳ አትመጣም። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ትቀራለች። ብትናገር ልጇን ልታጣ ነው፤ ባትናገር ደግሞ... ባትናገር የሚሆነውን እስከ መጨረሻው አስባው አታውቅም። ሆድ ይፍጀው ብላ ሦስት ወር ዋጠችው።

በሦስተኛው ወር ሄራን አፍንጫ ላይ ምስር የምታህል እብጠት ወጣች። በሁለተኛው ሳምንት ጫፏ ደማ። ጎሹም እንዲህ ነበር የጀመረው፤ ምስር አክሎ፣ ከዚያ ደምቶ፣ ከዚያ አልድን ብሎ። ፈትለወርቅ እብጠቷን ስታይ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ለካ እንዲህ ነው።

በነጋታው ሻርጃ፣ ማዳም ቤት ሆና፣ የልጅቷን ፎቶ በዋትሳፕ ለሐጂራ ላከች። ሐጂራ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ዱባይ በአንድ የቆዳ ሕክምና ቤት ነርስ ሆና ትሠራለች። ድሮ ካራማ በሚባለው የዱባይ ሰፈር ቢድ ስፔስ፣ ማለትም በጋራ ክፍል የአልጋ ቦታ ብቻ፣ ተከራይተው ሳለ ከላይና ከታች አንድ አልጋ የተጋሩ ናቸው። ፎቶው እንደ ደረሳት ወዲያው ደወለች።

"ፈትሌ፣ ይቺ ልጅ ያንቺ ናት?"

"የእኔ ናት።"

"ፀሐይ ላይ ትወጣለች?"

"ጠዋት ጠዋት አባቷ ያሞቃታል።"

"ስሚኝ፣ እህቴ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገ ዶክተሩ ያያታል። ግን ከአሁኗ ደቂቃ ጀምሮ ከፀሐይ አውጫት። መስኮቱን ጋርጂ፣ እጅጌ ረጅም አልብሺያት። ዋላሂ፣ ቀልድ አይደለም።"

ያኔ ነው ፈትለወርቅ ሃያ ዓመት ሙሉ ዓይኗ ሥር የነበረውን ነገር ያየችው። ጎሹ ያቺ ክፍል ከገባ በኋላ እንደ በፊቱ አልበዛበትም። የዱሮው ቁስል ቆየ እንጂ አዲስ የሚወጣበት አልፎ አልፎ ነበር። እናቷ ከሰው ዓይን ልትደብቀው ብላ፣ ሳታውቀው ከፀሐይ ደበቀችው። ሰዓቷን አየች። ሁለት ተኩል። በዚህ ሰዓት ዘመድኩንና ሄራን ባሕሩ ዳር ናቸው።

ደወለች፤ አይነሳም። ፀሐይ ሲያሞቃት ስልኩን ጫማው ውስጥ ከቶ ነው የሚተወው። "ማዳም፣ ሙሽኪላ! ችግር! ልጄ!" ብላ ያዘችውን ሳህን ባለበት ጣለችው። ማዳሟ መልስ ሳትሰጥ እሷ ረጅሙን ጥቁር አባያዋን እንደ ለበሰች ደጅ ነበረች። ከሻርጃ እስከ አጅማን ባሕር ታክሲው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም፤ እሷ ግን ያን መንገድ ዛሬም ስታስበው አያልቅላትም። ጸሎት ልትጀምር ሞከረች፤ ከ"በስመ አብ" በላይ አልሄድ አላት። በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ክንዷ ላይ ሲያርፍ እንኳ ዘገነናት።

አሸዋው ላይ አየቻቸው። ዘመድኩን ተንበርክኮ፣ ልጅቷን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በዘይት በወዛ እጁ አፍንጫዋን ቀስ አድርጎ እየቀባ ነው። ሄራን ዓይኗን ጨፍና፣ ጥርሷን ነክሳ፣ አባቷን ላለማሳዘን ዝም ብላለች። ፈትለወርቅ እየሮጠች አባያዋን አወለቀች፤ ከላይ እስከ ታች ሸፍና ልጅቷን ነጠቀችው።

"ምን ሆነሻል? አብደሻል?"

"ነገ ዱባይ እንሄዳለን። እስከዚያ ከቤት አትወጣም።"

"ማን አለ?"

"እኔ አልኩ!" ብላ ጮኸች። አባያው ሥር ልጅቷ፣ "እማዬ፣ ደስ ይላል፣ ጨለማ ነው" ስትል ሁለቱም ሰሙ። የዘመድኩን ፊት አመድ መሰለ፤ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ሐጂራ የምትሠራበት ሕክምና ቤት ደረሱ። ዶክተሩ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው፤ በዐረብኛ ይናገራል፣ ሐጂራ ታስተረጉማለች። ልጅቷን ከጸጉሯ እስከ ጥፍሯ አየ። ከእብጠቷ ላይ ለምርመራ ትንሽ ሥጋ ቆርጦ ወሰደ፤ ከሦስቱም ደም ተቀዳ። ከዚያ ነጭ ወረቀት አወጣ። ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ እያደረገ የቤተሰቡን ዘር ይሥል ጀመር። ያመመው ሰው ምልክቱ በጥቁር ይሞላል። ከታች የሄራንን ክብ ሣለና በብዕሩ አጠቆረው።

"እናቲቱ፣ ስንት እህት ወንድም አለሽ?" አለ።

"አንድ እህት" የሚለው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሃያ ዓመት የለመደችው መልስ ነው። ልጅቷን አየች። ልጅቷ አፍንጫዋ ላይ በተለጠፈው ፋሻ እየተጫወተች ነበር። ፈትለወርቅ ወደ ባሏ ሳትዞር ተናገረች። ብትዞር እንደማትችል አውቃለች።

"አንድ እህትና አንድ ወንድም። ወንድሜ ጎሹ ይባላል። ፊቱ እንደዚህ ነው። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ጓዳ ውስጥ ነው ያለው፤ ሞቷል ብለናል።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ወንበሩ ሲንኳኳ፣ ባሏ ተነሥቶ ሲወጣ፣ በሩ ሲዘጋ ለመስማት ትከሻዋን ሰብስባ ጠበቀች። ምንም አልተሰማም። ዶክተሩ አራት ማዕዘን ሣለ፤ አጠቆረው።

"ሥጋ ደዌ አይደለም" አለ። "ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ፀሐይ የሁላችንንም ቆዳ በየቀኑ ውስጥ ውስጡን ታበላሻለች። በያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ሰውነት የሚሠራበት ጽሑፍ አለ፤ ዲ ኤን ኤ የሚባለው። ጨረሩ ያን ጽሑፍ ይጎዳዋል። ጤነኛ ሰው ውስጥ ጠጋኝ አለ፤ የተጎዳውን ቆርጦ አውጥቶ እንደገና ይሞላዋል። ልጃችሁ ውስጥ ጠጋኙ አይሠራም ብዬ እገምታለሁ። ለኛ የአንድ ጠዋት ፀሐይ ማታ ይጠገናል፤ ለእሷ ግን እንደ ተበላሸ ይቀመጣል፤ በላዩ ላይ ሌላ ይጨመራል፤ ሲጠራቀም ካንሰር ይሆናል። የደሙ ውጤት ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኔ ግን ስድስት ሳምንት አልጠብቅም፤ ከዛሬ ጀምሮ በሽታው አለባት ብለን እንጠብቃታለን።"

ፈትለወርቅ፣ "ከእኔ ነው የመጣባት" አለች። "የእኔ ዘር ነው።"

ሐጂራ ይህን ስትተረጉም ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። "ከእናት ብቻ አይበቃም" አለ። "ጠጋኙን የሚሠራው ዘረመል ለያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ነው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ይሠራል፤ ሰውዬው ጤነኛ ነው፤ እንዳለበትም አያውቅም። አንቺ እንደዚያ ነሽ። ልጅ የሚታመመው ከሁለቱም ወገን የተበላሸው ሲደርሰው ብቻ ነው። ከጥንት አንድ ቅድመ አያት ተጋርታችሁ ይሆናል፤ አጋጣሚም ይሆናል። ብቻ በሽታው እኔ የምገምተው ከሆነ..." ብዕሩን ወደ ወረቀቱ ባዶ ወገን አሻገረ። "ከአባት በኩልም መምጣት አለበት።"

ፈትለወርቅ ያን ጊዜ ነው ዞራ ባሏን ያየችው። ዘመድኩን ወረቀቱ ላይ አፍጥጧል። ግንባሩ በላብ ወርዝቷል። የክፍሉ ማቀዝቀዣ ደግሞ አጥንት ያንዘፈዝፋል።

"አንድ ክብ ይጨምሩ" አለ በመጨረሻ። "እህቴ ናት። አዱኛ ነበር ስሟ። ስድስት ዓመቷ ላይ አፍንጫዋ ከተበላ በኋላ ጎተራው አጠገብ ጨለማ ቤት ዘጉባት። ምግቧን በበሩ ሥር የማቀብላት እኔ ነበርሁ። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ እዚያው ሞተች።"

ዶክተሩ ክቡን ሣለ፤ አጠቆረው። በላዩም አግድም መስመር አሰመረበት፤ የሞተ ሰው ምልክት ነው።

ተታለልሁ የሚል ቁጣ ፈትለወርቅ ላይ ሽቅብ መጣ፤ አፏ ላይ ሲደርስ ግን ማንን እንደምትቆጣ ጠፋት። ሁለት ቤት አንድ ዓይነት ውሸት ዋሽቶ፣ ሁለቱም አታለልን ብሎ ደግሶ በልቷል። ዘመድኩን ግን አልጨረሰም ነበር።

"የገደላት ጨለማው ነው ብዬ ነበር የማምነው" አለ። "ፀሐይ ብታገኝ ኖሮ ትድን ነበር እያልሁ ነው ያደግሁት። ሄራን ፊት ላይ ያንኑ ሳይ ደግሞ..." እጆቹን ገልብጦ አየ። "እኔ ነኝ ፈትሌ። በየቀኑ። አንድ ቀን ሳላጓድል፣ በዘይት እየቀባሁ ያቃጠልኳት እኔ ነኝ።" ከዚያ ያ ደርባባ ሰው፣ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሄራን ደንግጣ እቅፉ ውስጥ ገባችና እንደ ልማዷ ፊቷን አንገቱ ሥር ወሸቀች።

ከምርመራው ሲወጡ ቀትር ሆኗል። የሕክምና ቤቱ በር መስተዋት ነው፤ ደጁ በብርሃን ነዷል። ፈትለወርቅ በሩ ጋ ስትደርስ እግሯ አልነቀል አለ። ድሮ ልብ ብላ የማታየው መሬት ላይ ያለው ብርሃን፣ ከበሩ እስከ ታክሲው ያለችው አሥር እርምጃ፣ አሁን ገደል ሆነችባት። ሐጂራ በስተውስጥ መስኮት የሌለው መጠበቂያ ክፍል አሳየቻቸው። "ፀሐይ እስክትገባ እዚህ ተቀመጡ" አለች።

"ባባ፣ ዛሬ ወደ ባሕር አንሄድም?" አለች ሄራን።

ፈትለወርቅ ስልኳን አውጥታ ጋይንት ደወለች።

"እማዬ፣ ጎሹን ስጪኝ።"

"ማንን?" የእናቷ ድምፅ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። "ዝም በይ ልጄ፣ ሰው ተቀምጧል፤ ይሰሙሻል።"

"ይስሙ። ስጪኝ።"

ረጅም ጊዜ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ ከዚያ በር ሲጥ አለ። ከዚያ ለሰባት ዓመት ያልሰማችው፣ አፍንጫን አልፎ የሚወጣ ድምፅ መጣ። "እታለም?" አለ።

"ጎሹ፣ ልጅ አለችኝ" አለች። እንባዋን መቆጣጠር አልቻለችም። "አንተን ነው የምትመስለው። እንዴት እንደምትኖር ንገረኝ።"

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"አራት።"

"አፍንጫዋን ጀምሯታል?"

ፈትለወርቅ ዘመድኩን ጭን ላይ የተኛችውን ልጅ አየች። "አዎ" አለች።

"እንግዲያው ዓይኗን ጠብቁላት። የእኔ አንዱ ጠፍቷል፤ ያኔ ማንም አልጠበቀልኝም።" ደግሞ ጨመረ። "ጨለማውን አትፍሩላት፣ እታለም። ይለመዳል። ብቻዋን ብቻ አትተዉአት።"

ፈትለወርቅ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ እስከ ማታ ተቀመጠች፤ አንዳንዴ ታወራዋለች፣ አንዳንዴ ዝም ይባባላሉ። የምሽቱ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ዘመድኩን ተነሥቶ ደጁን አየና ተመልሶ ልጁን አቀፈ። "ገብታለች" አለ። ከዚያ ሦስቱም ወጡ።